ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት
ስለ ናይሮቢ ማታቱና ስለ ሠሪዎቹ ጥበብ

የሂስ ብዕር በእኛ ዘንድ የሚያንኳኳቸው በሮች የታወቁ ናቸው። መጽሐፍ ሲታተም፣ ቴአትር መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሲሰቀል፣ አዲስ ዜማ ሲለቀቅ ሐያሲው አንድ ነገር እንዲል ይጠበቃል። ብረት የሚበይደው፣ ላሜራ የሚያጥፈው፣ ወንበር የሚለብጠው ሰው ሥራ ግን «ያምራል» ወይም «አያምርም» ከሚለው ቃል ያለፈ ነገር ሲነገርለት አይሰማም። ይህ የሆነው ሥራው ጥበብ ስለጎደለው አይመስለኝም። በየቀኑ ስለምንገለገልበት ዓይናችን ለምዶት ያልፈዋል።

በናይሮቢ ትልቁ የቅርጽና የሥዕል ትርዒት የሚታየው በሙዚየም ውስጥ አይደለም። ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት በጎማ ላይ ይዞራል፤ የመግቢያ ዋጋውም የአንድ ጉዞ ሒሳብ ነው። ስሙ ማታቱ ይባላል። ከማታቶች መካከል ባለንብረቱ ገንዘቡን፣ ሠሪውም እጁን ሳይቆጥብ ያስጌጠው ዓይነት በከተማይቱ ወጣቶች ቋንቋ፣ በሼንግ፣ «ንጋንያ» ተብሎ ይታወቃል። ስለ ንጋንያ ብዙ ተጽፏል፤ ፎቶግራፉም በዓለም ዙሪያ ታይቷል። ይሁንና ከተጻፈው የሚበዛው ስለ ቀለሙ ነው። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ከዚህ ይነሣል። ቀለም በሥራው ላይ የሚያርፈው የመጨረሻው እጅ ነው፤ ሥራው ራሱ ግን ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ነው። የንጋንያም ውበት ሆነ ጉድለት ሊመዘን የሚገባው ከብረቱ ተነሥቶ ነው።

ከሦስት ሳንቲሞች እስከ ንጋንያ

ማታቱ የሚለው ስም በስዋሂሊ «ሦስት» ማለት ከሆነው «ታቱ» ከሚለው ቃል እንደመጣ በሰፊው ይነገራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአንድ ጉዞ ዋጋ ሦስት ባለ አሥር ሳንቲም ነበርና። በዚያን ጊዜ የነበሩት ማታቶች ፈቃድ የሌላቸው፣ ከፖሊስ ጋር ድብብቆሽ የሚጫወቱ አሮጌ መኪኖች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ማታቶች የሕዝብ ማመላለሻ ልዩ ፈቃድ ሳይጠየቁ እንዲሠሩ በመፍቀዳቸው ነገሩ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ረጅም ታሪክ በዝርዝር ማወቅ የሚሻ አንባቢ የታሪክ ምሁሯ ኬንዳ ሙቶንጊ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙትን መጽሐፍ፣ የማታቱ ሠራተኞችን ኑሮና ባህል ለመረዳት የሚፈልግም ምቡጉዋ ዋ ሙንጋይ በ2013 ያወጡትን ጥናት ቢመለከት ይጠቀማል።

ለእኛ ጉዳይ ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ማታቱ ከጥንቱም ቢሆን ፋብሪካ አዘጋጅቶ ያቀረበው ዕቃ አልነበረም። ለጭነት የተሠራ ፒክአፕ ይገዛል፤ በጭነቱ ቦታ ላይ የብረት አጥንት ይተከላል፤ አጥንቱ ላሜራ ይለብሳል፤ ከግራና ከቀኝ አግዳሚ ወንበር ይዘረጋል። ተሳፋሪዎቹ ፊት ለፊት እየተያዩ ስለሚሄዱ ኬንያውያን ይህን ዓይነቱን መኪና «ፌስ ሚ» አሉት፤ «ፊትህን ወደ እኔ» እንደማለት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እርሱም በዚሁ መንገድ ከፒክአፕ የተሠራውን፣ ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ የሚቀመጥበትን ታክሲ «ውይይት» ብሎ ሰይሞት ኖሯል። ሁለት ከተሞች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ አንድ ዓይነት ወንበር ሠርተው ስም አወጡለት። አንደኛው የፊቶቹን መተያየት፣ ሁለተኛው የአንደበቶቹን መነጋገር ያዘ።

ቅጥቅጥ፣ ፉንዲ፣ ባለእጅ

ሙያዬ ቃልን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ማሻገር ነውና በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት ልቆይ። በኢትዮጵያ የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካሉ አገር ውስጥ ተሠርቶ ለሕዝብ ማመላለሻ የዋለው መኪና «ቅጥቅጥ» ይባላል። ቃሉ ግሩም ነው። ስለ መልኩም ስለ ፍጥነቱም አያወራም፤ በቀጥታ መዶሻውንና የመታውን እጅ ይጠራል። በዕለታዊ ንግግራችን ውስጥ ግን «ቅጥቅጥ» ምስጋና ሆኖ አያውቅም። «ከፋብሪካ እንዳለ የመጣ አይደለም» የሚል ቅሬታ አብሮት ይሰማል። ሠሪውን ያከበረ የሚመስለው ቃል ሥራውን ዝቅ ለማድረግ ይውላል።

ስዋሂሊ በዚህ በኩል የተሻለ ዕድል አለው። «ፉንዲ» የሚለው ቃል ግንበኛውን፣ ልብስ ሰፊውን፣ መካኒኩንና በያጁን በአንድነት ይጠራል፤ ሲጠራም ዕውቀቱን መስክሮለት ነው። እኛ «ባለሙያ» ብንል ሐኪሙም የሒሳብ አዋቂውም ይገባበታል፤ እጁ ይጠፋል። «ባለእጅ» ብንል እጁ ይመጣል፤ ከእጁ ጋር ግን ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ከማኅበር ያገለለ የዘመናት ንቀት ተጎትቶ ይመጣል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሳደብ ሰው እንዲቀጣ ማወጃቸው የንቀቱን ጥልቀት ያሳያል። አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ለእጅ ሥራ የሚሆን የክብር ቃል መፍጠር ግን የተናጋሪው ድርሻ ነው። ያንን ድርሻ ገና አልተወጣነውም።

ሌላው ቃል «ጁዋ ካሊ» ነው። ትርጉሙ «ኃይለኛ ፀሐይ» ሲሆን፣ ጣራ በሌለው ቦታ፣ በሐሩር ሥር ብረት የሚቀጠቅጡትን ሰዎች ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1972 የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ኬንያ ባወጣው ዘገባ እነዚህ ሰዎች ያሉበት የሥራ መስክ በምሁራን ዘንድ የታወቀበትን መጠሪያ አገኘ፤ በአማርኛ «መደበኛ ያልሆነ ዘርፍ» የምንለው ማለት ነው። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጠን እንመልከታቸው። የምሁራኑ ስም ሰውየው ያልሆነውን ይነግረናል። የሠራተኞቹ ስም ሰውየው የቆመበትን ቦታና ጀርባውን የሚያቃጥለውን ነገር ይነግረናል። በተርጓሚነቴ የምመርጠው የኋለኛውን ነው።

የጋራዥ ቋንቋ ደግሞ የመጀመሪያው መምህር ማን እንደነበረ ይመሰክራል። በኢትዮጵያ ጋራዦች ላሜራ፣ ባትላሜራ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ ሲባል ጣሊያን እንዳለፈ እንሰማለን። በናይሮቢ መምህሩ ሌላ ነበር። ለባቡር ሐዲዱ ሥራ ከሕንድ የመጡት ባለሙያዎች፣ በተለይም የሲክ ቤተ ሰቦች፣ በኋላ የብረትና የእንጨት ወርክሾፖችን አቆሙ። አፍሪካውያን ሠራተኞች በእነዚያ ወርክሾፖች ዓይናቸውን ከፍተው ሙያውን ከቀሰሙ በኋላ ወጥተው በፀሐይ ላይ የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ኬኔዝ ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን የዕውቀት ጉዞ በጥንቃቄ መዝግበውታል። «ጋሪ» የሚለው ቃል ራሱ የሕንድ ቃል ነው። ስዋሂሊ ለመኪና፣ አማርኛ ደግሞ ፈረስ ለሚጎትተው ተገለገለበት።

አጥንቱ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በናይሮቢ ከሚታዩት ትላልቅ ንጋንያዎች የሚበዙት ሕይወታቸውን የሚጀምሩት እንደ አይሱዙ የጭነት መኪና ነው። ፋብሪካው እዚያው ናይሮቢ ነው፤ ቀድሞ ጄኔራል ሞተርስ ኢስት አፍሪካ ይባል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ አይሱዙ ኢስት አፍሪካ የሚል ስም የያዘው። ከዚያ ወጥቶ ወደ አካል ሠሪው ግቢ የሚገባው ነገር ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ጎማዎች፣ የሾፌር ክፍል፣ ከኋላውም የተዘረጉ ሁለት ረጃጅም የብረት ወጋግራዎች ናቸው። ለሲሚንቶና ለድንች የታሰበ ነገር ነው። ባሌስትራው ደረቅ፣ ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ጀርባው ባዶ ነው። ፉንዲው ከዚህ ላይ ሠላሳ ያህል ሰው የሚቀመጥበት፣ ወጣቱ ሲያየው ሌላውን አሳልፎ የሚጠብቀው መኪና እንዲያወጣ ይጠየቃል።

የመጀመሪያው የጥበብ ፈተና ማንም ተሳፋሪ የማያየው ቦታ ላይ ነው። አካሉ ከሻንሲው ጋር እንዴት ይያያዛል? ሻንሲ ግትር ነገር አይደለም። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይጠማዘዛል፤ እንዲጠማዘዝም ሆኖ ነው የተሠራው። ችኩል ሠራተኛ አግዳሚዎቹን በቀጥታ በወጋግራው ላይ ይበይዳል፤ ወይም ወጋግራውን ባገኘበት ቦታ ይበሳል። በብየዳው እሳት የተጎዳው ወይም የተበሳው ቦታ ከዓመት በኋላ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። አዋቂው ሠራተኛ በሁለቱ ብረቶች መካከል ልባስ አድርጎ፣ ወጋግራውን ሳያቆስል፣ በማቀፊያ ብሎን ያስረዋል። አካሉ ሻንሲው ላይ ይቀመጣል፤ አይጣበቅበትም። ይህ በፎቶግራፍ አይታይም። ሆኖም አምስት ዓመት የሚቆመውንና በሁለተኛው ዓመት መንጋጋው የሚላቀቀውን መኪና የሚለየው ይኸው ነው።

ከዚያ አጥንቱ ይቆማል። አራት ማዕዘን የብረት ቱቦዎች እየተቆረጡ ቋሚ፣ አግዳሚና የጣራ ቀስት ይሆናሉ። ቀጭን ቱቦ መበየድ ትዕግሥት ይጠይቃል። እሳቱ ከበዛ ይበሳል፤ አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው የሄደ ሰው ብረቱ ሲቀዘቅዝ ወደዚያው ወገን ስቦት ያገኘዋል። ስለዚህ ጥሩ በያጅ አስቀድሞ በነጥብ በነጥብ ይይዛል፤ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በገመድ እየለካ። ሁለቱ ገመዶች እኩል ሲሆኑ ብቻ ብየዳውን ይዘጋል። ሸማኔ ድሩን ሲያደራ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ቀጥሎ ላሜራው ይመጣል። ሰፊ ላሜራ በአጥንት ላይ ልል ሆኖ ከተገጠመ መኪናው ሲሄድ ይርገበገባል፤ ድምፁም ተሳፋሪውን ያደክማል። ፉንዲው ላሜራውን ሳይገጥመው በፊት ወጥሮ ይጎትተዋል፤ እሳት አሙቆት ይገጥመዋል። ሲቀዘቅዝ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ትልቁ የዓይን ፈተና ግን የፊቱ ክፍል ነው። የጭነት መኪናው አፍንጫ ተሰውሮ፣ በምትኩ ግዙፍ አውቶቡስ ወይም ከሩቅ አገር የመጣ የስፖርት መኪና የሚያስመስል ፊት ይወጣለታል። በፋብሪካ እንዲህ ያለውን ጎባጣ የሚያወጣው ትልቅ ማተሚያ ነው። እዚህ ያለው መዶሻ፣ መቀስ፣ ከካርቶን የተቆረጠ ልክና የሰው ዓይን ነው። የግራው ጉንጭ ከቀኙ ጉንጭ ጋር እንዲመሳሰል የሚያደርገው ሠሪው በልቡ የያዘው ሥዕል ነው።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ የመመዘኛ ዘዴ ልጠቁም። ንጋንያን በምረቃው ቀን አትፍረዱበት። በዚያን ቀን ሁሉም ያምራል፤ ስቱኮ ሁሉን ይሸፍናልና። ስቱኮ በስሱ ሲቀባ የላሜራውን ትንሽ ጉድለት የሚያስተካክል ሐቀኛ ረዳት ነው። እንደ ጭቃ ሲለጠፍ ግን መዶሻው ያልሠራውን ሥራ የሠራ የሚያስመስል ውሸት ይሆናል። ከዓመት በኋላ ተመለሱ። በሩ ሲዘጋ ዙሪያው ያለው ክፍተት ከላይም ከታችም እኩል ከሆነ፣ በመስኮቶቹ ማዕዘን ቀለሙ ካልተሰነጠቀ፣ ከጎማው በላይ ያለው ቅስት መስመሩን ካልሳተ፣ ያን መኪና የሠራው ሰው አዋቂ ነው። ሥዕሉ ያረጀ ቢሆን እንኳ ሥራው አላረጀም።

ቆዳው

ቀለሙን ግን ልንንቀው አይገባም። በናይሮቢ የማታቱ ሠዓሊዎች በአየር በሚረጭ ብሩሽ የሚያወጡት የሰው ፊት፣ በተለይ የቆዳው ብርሃንና ጥላ፣ ሥዕል ቤት ገብተው የተማሩ ብዙዎች የሚቀኑበት ነው። የራፕ ዘፋኞች፣ የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋቾች፣ የፖለቲካ ሰዎች፣ ሰማዕታት ሁሉ በጎኑ ላይ ያልፋሉ። ከቦብ ማርሌይ ጋርም የይሁዳ አንበሳና አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀለማት ይመጣሉ። ያ ምልክት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በጃማይካ ዞሮ፣ ናይሮቢ የደረሰ ነው። ኢትዮጵያዊው ተሳፋሪ የአገሩን ምልክት ሲያይ የሚሰማው ኩራት ተገቢ ቢሆንም፣ ሠዓሊው የሣለው የእኛን ታሪክ ሳይሆን የሬጌን ታሪክ እንደሆነ መዘንጋት የለበትም።

በሥዕሎቹ ላይ ያለኝ ቅሬታ ባዕድ ፊቶች ስለበዙ አይደለም። ጥበብ የወደደውን ፊት መሣል ይችላል። ቅሬታዬ ብዙዎቹ ከፎቶግራፍ ተገልብጠው በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ እንዳሉ ሆነው መኪናው ላይ መለጠፋቸው ነው። መኪናው ግን ወረቀት አይደለም። መስኮት አለው፣ በር አለው፣ የጎማ ቅስት አለው፣ ይንቀሳቀሳል። የተሳካው ሥራ ይህን ሁሉ የሚጠቀምበት ነው። ረጅሙ ጎን እንደ ሐረግ ተስቦ ዓይንን ከፊት ወደ ኋላ ይወስዳል፤ የበሩ ስንጥቅ በፊቱ መሐል ሳይሆን በጥላው ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ የቅስቱ ጎባጣ የአንበሳው ትከሻ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሥራ ሲገኝ ሠዓሊውና በያጁ በአንድ ልብ እንደሠሩ ይታወቃል። ብረቱን ያላየ ሠዓሊ የሣለው ግን የቱንም ያህል ቢያምር እንግዳ ልብስ ነው።

ውስጡ

በዚህ ከተማ ኢስሊ ለሚኖረው ወገናችን፣ 6 ወይም 9 ቁጥርን ጠብቆ መሐል ከተማ ለሚወርደው፣ ማታቱ ከሁሉ በፊት ወንበር ነው። ስለዚህ ሂሱ ወደ ውስጥ መግባት አለበት።

ብዙ ንጋንያዎች በውስጣቸው የምሽት ቤት ናቸው። በጣራው ቀለም የሚለዋውጡ መብራቶች፣ በየቦታው ስክሪኖች፣ ከኋላ ደረትን የሚመታ ድምፅ ማጉያ ይገኛሉ። የሽቦ ሥራው ብቻውን የሚደነቅ ሙያ ነው። ይሁን እንጂ ቦታው የተሰላው ለማን ነው ብለን እንጠይቅ። የድምፅ ሣጥኑ የወሰደው የእግር መዘርጊያ የተሳፋሪው ነበር። ከኋለኛው ጎማ አልፎ በተንጠለጠለው ጀርባ ላይ የተጫነው ክብደት መኪናውን ከኋላ ይጎትተዋል። የመጀመሪያው ደረጃ ከመሬት የራቀው የጭነት መኪናው ቁመት ስላልተቀነሰ ነው፤ ልጅ ያዘለች እናትና ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት ይህን ዕዳ በየቀኑ ይከፍላሉ። «ወራጅ አለ» የሚል ድምፅ በዜማው ስለሚዋጥ ረዳቱ ላሜራውን በሳንቲም ወይም በመዳፉ ይመታል፤ ሾፌሩም ያንን ይሰማል። እስከዛሬ ካየኋቸው የማታቱ ጌጦች ሁሉ ይህ ቀላል ምልክት ይበልጥብኛል፤ የፉንዲው የተወጠረ ላሜራ በመጨረሻ ደወል ሆኖ ያገለግላልና።

ባለንብረቱ መልስ አለው። ተማሪውና ወጣቱ ሠራተኛ ያላጌጠውን አሳልፎ ያጌጠውን ይጠብቃል፤ ጌጡ ገቢ ነው፤ ገቢውም የብድር ዕዳ ይከፍላል። ይህ እውነት ነው። እውነት መሆኑ ግን ጥበቡን ከሂስ አያድነውም። ለሃያ ዓመት ወጣት ብቻ የተሠራ የሕዝብ ማመላለሻ ከሕዝቡ ግማሹን ረስቷል። የጥሩ ፉንዲ ምልክቱ ወጣቱን ሳያስከፋ ለአዛውንቱ እጀታ የሚያስቀምጥበትን ቦታ ማግኘቱ ነው። እንዲህ የሠሩ አሉ፤ በፎቶግራፍ የሚፈለጉት ግን እነርሱ አይደሉም።

ሕጉም ቀለሙን ቀድሞ አየ

ቀለሙን ብቻ የሚያዩት ጋዜጠኞች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ ያወጡትና ከየካቲት 1 ቀን 2004 ጀምሮ የጸናው ደንብ ለማታቶች የፍጥነት መገደቢያ፣ የደኅንነት ቀበቶና በጎናቸው የሚዞር ቢጫ መስመር አዘዘ። በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ተከለከለ። ደንቡ ብዙ ሕይወት የሚያድን ቁም ነገር ነበረው። ይሁንና ከእነዚህ ጋር ሥዕሉና ጩኸቱም አብረው ተባረሩ፤ የሥርዓት አልበኝነት ልብስ ተደርገው ስለታዩ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ሥዕሉ የወጣቶች እንጀራ መሆኑን በመግለጽ ክልከላው እንዲላላ አደረጉ። ቀለሙ በድል ተመለሰ።

በዚያው ዓመት፣ በ2014፣ ይህን ያህል ያልተጨበጨበለት ሌላ ነገር ወጥቷል። ኬ.ኤስ. 372 የተባለው የኬንያ ስታንዳርድ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና አካል እንዴት መሠራት እንዳለበት ይደነግጋል፤ ስለ አጥንቱ ጥንካሬ፣ ስለ ወንበሩ አተካከል፣ ስለ መውጫው። ስለ ቀለሙ በየመንደሩ ስንከራከር፣ ስለ ብረቱ የወጣው ጽሑፍ በወርክሾፖችና በመሥሪያ ቤቶች መካከል ብቻ መነጋገሪያ ሆኖ ቆየ። ጥቅምት 10 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በኬሪቾ አውራጃ በፎርት ተርናን አንድ የሌሊት አውቶቡስ ከመንገድ ወጥቶ ሲገለበጥ ጣራው ተገሽልጦ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ያ አውቶቡስ ንጋንያ አልነበረም፤ የአደጋውም ምክንያት አንድ ነገር ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም የተገሸለጠው ጣራ ምስል የጣራ ቀስትና የማዕዘን ብየዳ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አስረድቷል። የዚህ ጥበብ ጉድለት እንደ መጥፎ ግጥም ጆሮ አስቀይሞ ብቻ አያልፍም፤ ሰው ይገድላል።

ስለዚህ ሐያሲ «ይህ የሕዝብ ጥበብ ነውና ሕግ አይንካው» ቢል ተሳፋሪውን ከድቷል። «ይህ ኋላ ቀር ነውና በፋብሪካ ምርት ይተካ» የሚለውም ፉንዲውን አላየውም። መካከለኛው መንገድ አጥንቱን አጥብቆ መመርመር፣ ቆዳውን በነፃነት መተው ነው። እስካሁን የተደረገው ብዙ ጊዜ የዚህ ግልባጭ ነበር።

ሁለት መኪኖች

አንድ ንጽጽር ጨምሬ ልጨርስ። እ.ኤ.አ. በ1986 ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አገሪቱ የራሷ የምትለው መኪና እንዲሠራ ጠየቁ። መሐንዲሶቹም ደክመው «ንያዮ ፓዮኒር» የተባሉ ጥቂት የሙከራ መኪኖች ሠሩ፤ በ1990 በካሳራኒ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ለሕዝብ ታዩ። መኪኖቹ ይሄዱ ነበር። ነገር ግን ወደ ፋብሪካ ምርት ሳይሸጋገሩ የቅርስ ዕቃ ሆነው ቀሩ። በእነዚያው ዓመታት፣ ከዚያው ከተማ ሳይርቅ፣ ሥነ ሥርዓት ያልተደረገላቸው ሰዎች በሺህ የሚቆጠሩ አካሎችን በሐሩር ላይ ሠርተው መንገድ ላይ አወጡ። ከተማይቱ ወደ ሥራዋ የሄደችው በእነርሱ ነው።

ይህን የምለው በመሐንዲሶቹ ለመሳለቅ አይደለም። ሞተርና ካምቢዮ ከባዶ መሥራት ሌላ ተራራ ነው፤ ፉንዲዎቹም አልወጡትም፤ ከፋብሪካው ገዝተዋል። የሚያሳዝነው ሁለቱ ዕውቀቶች ሳይገናኙ መቅረታቸው ነው። መሐንዲሱ ብረት ለምን እንደሚሰነጠቅ ያሰላል፤ ፉንዲው የት እንደሚሰነጠቅ እጁ ያውቃል። አሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በናይሮቢ መንገዶች ላይ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች መታየት ጀምረዋል። ባትሪውን የሚሸከም ሻንሲ እንደ አሮጌው የጭነት መኪና በነፃነት የሚቆረጥና የሚቀጠል ላይሆን ይችላል። የመዶሻውና የካርቶኑ ጥበብ በዚያ ዘመን ቦታ የሚያገኘው መሐንዲሱና ፉንዲው በአንድ ጠረጴዛ ከተቀመጡ ነው።

ለዚያ የመጀመሪያው እርምጃ ስም ይመስለኛል። ዛሬ አንድ ንጋንያ መንገድ ላይ ሲወጣ ባለንብረቱ ይታወቃል፤ የወርክሾፑ ምልክት ይለጠፍበታል፤ ሠዓሊውም በማዕዘን ላይ የብሩሽ ስሙን ይጽፋል። አጥንቱን ያቆመው በያጅ ግን የትም የለም። ስሙ ቢጻፍ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ሥራው ከጸና ይመሰገንበታል፤ ጣራው ከተገሸለጠ ይጠየቅበታል። ክብርና ኃላፊነት በአንድ ስም ላይ ተቀምጠው ነው የሚኖሩት። የእኛም «ቅጥቅጥ» ከቅሬታነት ወደ ምስጋና የሚለወጠው፣ የቀጠቀጠው ማን እንደሆነ መጠየቅ የጀመርን ዕለት ነው።